ዲንቄ ዝም ያለችበት ዓመት

ቁጣ ለሽማግሌ አይመከርም። የደም ግፊቴን የሚለካው የጤና ጣቢያው ልጅ ሁልጊዜ «አባባ፣ ምንም ነገር አያናድድዎት» ይለኛል፤ የሚያናድደውን ሁሉ ጠራርጎ ይዞልኝ የሚሄድ ይመስል። እኔም ባለፈው ሐሙስ ምክሩን ጥሼ ተናደድኩ፤ ይኸው እስካሁን አልበረደልኝም። የልጅ ልጄ ኤልዳና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችና ወደ ጓዳ ገባች። በእንግሊዝኛ የተጻፈ «ወላጅ አምጪ» ነው። በእኛ ጊዜ ወላጅ አምጣ የሚባለው በቃል ነበር፤ ቃሉን ራሳችን ተሸክመን እስከ ቤት እንሄድ ነበር። አሁን ማኅተም አለው። መነጽሬን ፈልጌ ፈልጌ ግንባሬ ላይ አገኘሁትና አነበብኩ። ልጅቱ ከመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ወዲህ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ስትጠራ ትነሳለች፣ ትቆማለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች፤ እስከ ሰኞ መፍትሔ ካልተገኘ ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ የላትም ይላል።

እና እኔ ምን አደረግኩ? እንደ ሰው መደንገጥ ሲገባኝ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ደብዳቤው ላይ ለአንዲት ልጅ የብዙ ልጆችን ግስ ሰጥተዋታል፤ «ዩር ቻይልድ ዱ ኖት ስፒክ» ይላል። ከበብኩት። ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ የባለቤትነት ምልክቷን፣ አፖስትሮፊዋን፣ ረስተዋታል፤ እሷንም ሰካሁላቸው። ልጅቱ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ አያትየው የገደሉን ፊደል ያርማል። ልክፍት ነው። ዕድሜዬን በልብስ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ በእንግሊዝኛ ስመዘግብ ነው የጨረስኩት፤ ጡረታ ስወጣ የምመዘግበው ነገር አጣሁና ወደ ኤልዳና ዞርኩ። አባቷ የጭነት መኪና ይዞ ጅቡቲ መስመር ላይ ነው፣ እናቷ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ሱቅ ተቀጥራ ትውላለች፤ ስለዚህ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወላጅ የምባለው እኔ ነኝ። በየቀኑ ከመክሰስ በኋላ አስቀምጣትና ስም፣ ግስ፣ ባለቤት እናጠናለን። «ማይ ፋዘር ጎ» ካለች በሻይ ማንኪያ ብርጭቆውን ቲንግ አደርጋለሁ። «ጎስ» ትላለች። «ማይ ፋዘር ካር» ካለች ቲንግ፤ ምልክቷ የት አለች? እንዲህ እያልን ሻዩ ይቀዘቅዛል። ከማንኪያው ውጭ ባለው ሰዓት ግን ይህች ልጅ አፏ ወፍጮ ነው። በአማርኛ ጎረቤቱን ሁሉ ታማልኛለች፣ የታክሲ ረዳቶችን አጠራር ታስመስላለች፣ ከመታጠቢያ ቤት ሆና ሳይቀር ታወራለች። ትምህርት ቤት ደርሳ ነው የምትዘጋው። ማን ዘጋት?

እኔማ ወዲያው ያወቅኩ መስሎኝ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ አይነገርም፤ አማርኛ ያመለጠውን ልጅ የክፍሉ አለቃ ስሙን ይጽፈዋል፤ ዝርዝሩ በር ላይ ይለጠፋል። ባለፈው ዓመት ለወላጆች ቀን ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ስሞቹ አሉ፤ ከስሞቹ ጎን የማባዣ ምልክት አለ፤ ሁለቴ የተያዘ ሲባዛ ሁለት፣ አራቴ የተያዘ ሲባዛ አራት። ይህን ያህል ዘመን አልፎ፣ ጥቁሩ ሰሌዳ ነጭ ሆኖ፣ ጠመኔው ጠፍቶ፣ ያቺ የማባዣ ምልክት ቆማ ጠበቀችኝ። ያን ቀን ደሜ ራሴ ላይ ወጣ። የተናደድኩት በትምህርት ቤቱ ብቻ አልነበረም፤ ምልክቷን በእኔ እጅ ጽሕፈት አውቃታለሁ።

ትምህርት ቤታችን ከብስራተ ገብርኤል ወደ ታች ነበር። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲወርድ ትምህርት ይቆማል፤ ስንቱን የግስ ርባታ ሐምሌ ሳይደርስ ዝናብ እንደበላብን እግዜር ይወቀው። መንግሥት እየተቀያየረ ነበር፤ የትኛው ሄዶ የትኛው እየመጣ እንደነበር አትጠይቁኝ፣ እኔ የማስታውሰው ፓስቲ አምስት ሳንቲም እንደነበር ነው፤ ዘይቱ እስከ ክርን ይወርዳል፣ ክርናችንንም እንልስ ነበር። ቁምጣችን ከኋላ ሁለት ክብ እራፊ ነበረው፣ መነጽር ያደረገ ይመስላል። ሸራ ጫማ ያለው ልጅ እሑድ አጥቦ ሰኞ በሰረቀው ጠመኔ ነጭ ይቀባዋል። ጥግ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሬዲዮውን መስኮት ላይ አድርጎ ዘፈን ሲለቅ ሲንጀር መኪናው ምቱን ይከተለው ነበር፤ ዘፈኑ ሲፈጥን የሰው ሱሪ ጠማማ ይሰፋል። ከዚያ ወዲያ ወደ ላፍቶና ወደ ጀሞ የሚታየው እርሻ ነው። ዛሬ አራተኛ ፎቅ ላይ የምተኛበት ቦታ ያኔ ሽምብራ ይዘራበት ነበር። አሁን ከታች ሚኒባሶቹ ጥሩምባ ሲነፉ አንዳንዴ ሽምብራው ይናፍቀኛል፤ እውነቱን ለመናገር የሚናፍቀኝ ግን የሰረቅኩት እሸቱ ነው።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ጋሽ ግርማቸው ነበሩ። ክሬም ጃኬት፣ ኪስ ሙሉ ጠመኔ፣ ሲቆጡ አቧራቸው ይነሳል። ማስተማርስ ያውቁበት ነበር፤ ቢያናድዱኝም አልክድም። «ኤስ ማለት በቤቱ ያለች አንዲት ጋቢ ናት» ይሉን ነበር። «ስሙ ከለበሳት ግሱ ይበርደዋል፤ ግሱ ከለበሳት ስሙ ይራቆታል። ዘ ቦይ ጎስ፤ ዘ ቦይስ ጎ። ሁለቱም ልልበስ ካሉ ጥል ነው!» ሰማንያ ልጅ በአንድ ድምፅ ይቀበላል፤ ልብስ ሰፊው ድረስ ይሰማ ነበር። የባለቤትነት ምልክቷን ደግሞ «ቁልፍ ናት፤ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሏት፣ ታች ካስቀመጣችኋት ሌባ ይወስዳታል» ይሉን ነበር። እስካሁን ልጅ ሳስተምር ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

የሚጠሉት ነገር አማርኛ ነበር፤ በእርሳቸው ክፍለ ጊዜና በዕረፍቱ ሰዓት ማለቴ ነው። ኦሮምኛማ ጭራሽ። ይህን የሚጠብቅ የክፍል አለቃ ሾሙ፤ እኔን። ለምን እኔን? የእጄ ጽሕፈት ስለሚያምርና ጆሮዬ ትልቅ ስለሆነ። ጆሮዬን ዛሬም ማየት ይቻላል። ልጆቹ ስማቸው እንዳይጻፍ ምን ዘዴ አገኙ መሰላችሁ? ከተጠኑት ዓረፍተ ነገሮች ውጭ እንግሊዝኛ አናውቅም፤ ስለዚህ መላ ኑሯችንን በእነሱ መኖር ጀመርን። አንዱ ሌላውን መስደብ ሲፈልግ «ዘ ዶግስ ቴይል ኢዝ ሎንግ» ይለዋል፤ የውሻው ጭራ ረጅም ነው ማለት ነው፣ ግን አባባሉ ከስድብም የከፋ ስድብ ነበር። ተሰዳቢው እጅጌውን ሰብስቦ «ዘ ፋርመርስ ካው ኢዝ ፋት!» ብሎ ይመልሳል። በገበሬው ላምና በውሻው ጭራ ጥርስ የተሰበረበት ቀን አለ። ጋሽ ግርማቸው ከመስኮት ሆነው «ግሩም! ግሩም!» ይሉ ነበር።

ዲንቄ ግን ይህ ጨዋታ አላስፈለጋትም። ከላፍቶ በኩል ከሚያርሱ ሰዎች ቤት በእግሯ የምትመጣ ልጅ ነበረች፤ አንድ ጊዜ የሰማችውን ሁለተኛ አትጠይቅም። ሁልጊዜ አንደኛ ነበረች። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛ። እናቴ ካርዴን አይታ «ይቺ ዲንቄ የምትባለው አትታመምም እንዴ?» ትል ነበር፤ ነፍሷን ይማረውና። የዲንቄ ጥፋት ያልገባቸውን ልጆች ማስረዳቷ ነበር። አጠገቧ ከሰፈሯ የመጡ ሁለት ልጆች አሉ፤ የጋቢዋን ነገር በኦሮምኛ ሹክ ትላቸዋለች፤ ከፊቷ ያሉት ሲዞሩባት ደግሞ በአማርኛ። አንድ ረቡዕ ሁለት ጊዜ ሰማኋት። ወረቀቱ ላይ ስሟን ጻፍኩ። ከጎኑ የማባዣ ምልክት አደረግኩና... ሰባት አልኩ። እንዲያውም ሰባቷን አሳምሬ ነው የጻፍኳት፤ ባርኔጣ ያላት ሰባት።

ከአምስት በላይ ወላጅ ያስመጣል። አባቷ በማግስቱ መጡ፤ ረጅም ሰው፣ ጋቢ፣ ዱላ፣ ለመምህሩ ብለው በቅል ወተት ይዘው። ጋሽ ግርማቸው የራሳቸውን ደንብ እንዳያፈርሱ በእንግሊዝኛ ጀመሩ፤ አባትየው አማርኛም ብዙ አያውቁም፤ ስለዚህ ክሱን ለአባቷ እንድታስተረጉም የታዘዘችው ተከሳሿ ሆነች። ሰማንያ ልጅ እያያት በኦሮምኛ ነገረቻቸው፤ «ክፍል ውስጥ ታወራለች ይላሉ» ነው ነገሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ኦሮምኛ ስትናገር ብዕሬ እጄ ላይ ነበረች፣ ስሟን ልጻፈው ወይስ ይለፋት ብዬ አመንትቻለሁ። ይህ ሲታወሰኝ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል፤ መነጽሬን ስለምሳሳለት ነው የምተወው።

አባትየው ግን የሰሙት ሌላ ነው። እርሳቸው ቤት መምህር ፊት አፏን የከፈተች ልጅ ማለት የተሳደበች ልጅ ናት። ስለየትኛው ቋንቋ እንደሚወራ ከየት ያውቁታል? ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉና እዚያው አስማሏት። ቃል በቃል እየተቀበለች ማለች፤ ሁለቱ የሰፈሯ ልጆች ፊታቸው ተለወጠ፤ በኋላ ነው የነገሩን። «በዚህ ግቢ ዳግመኛ አፌን ብከፍት አባቴን ያሳጣኝ» ነው ያለችው። ጋሽ ግርማቸው ፈገግ ብለው እጃቸውን ጨበጡ። ወተቱን ተቀበሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲንቄ አልተናገረችም። አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ እንግሊዝኛም። ስትጠራ ትነሳለች፣ ትቆማለች። ጋሽ ግርማቸው መልሱን እንደምታውቅ ያውቃሉ፤ ይለምኗታል፣ ይቆጧታል፣ አንዴ አንበርክከዋታል። በአባቱ የማለ ልጅ እንዴት ይናገር? መላው ክፍል ምክንያቱን ያውቃል፤ ማንም አልነገራቸውም፤ ምክንያቱን ለመናገር የሚበቃ እንግሊዝኛ አልነበረንም፣ በአማርኛ የሚናገረውን ደግሞ የምጽፈው እኔ ነኝ። በቃል ፈተናው ዜሮ አገኘች። ዘጠነኛ ወጣች። እኔ አንደኛ ወጣሁ፤ ደርዘን ደብተርና አንድ ብዕር ተሸለምኩ፣ እናቴ እልል አለች። በሚቀጥለው መስከረም ዲንቄ አልመጣችም።

አሁን የት እንዳለች ታውቁ ይሆን? ከብሎካችን በታች ሦስተኛው በር። ወተት ቤት አላት። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ በር አላለፍኩም፤ ጉልበቴ እየጮኸ በኋላ በኩል ዞሬ ከዋናው መንገድ ማዶ ወተት እገዛለሁ። ልጄ «አባባ፣ እታች እያለ ምን አደከመህ?» ሲለኝ «ውሃ ትቀላቅላለች» አልኩት። አያችሁ? ሽማግሌ ሆኜም ዝርዝር ውስጥ ስሟን ጻፍኩ።

ሐሙስ ተናደድኩ፣ ዓርብ ተናደድኩ። ለትምህርት ቤቱ የምናገረውን እንግሊዝኛ መስታወት ፊት ቆሜ አጠናሁ፤ ግሱ ሁሉ ጋቢውን ለብሶ የተሰለፈ፣ አስፈሪ ንግግር ነበር። ግን ንግግሩ ልጅቱን አያናግራትም። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ምንም» ትላለች። ዝም ያለች ልጅ ነገር የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ኤልዳናን በእጄ ይዤ ሦስተኛው በር ላይ ቆምኩ።

ወፍራም ሻርፕ አድርጋ ወተት ትቀዳለች። ሰልፍ አለ፤ ጀሪካን የያዘች ሴት፣ አንድ የጥበቃ ኮፍያ ያደረገ ሰው። ቀና ሳትል «ስንት ሊትር?» አለች።

«ዲንቄ፣ እኔ...»

«አለቃ፤ አወቅኩህ» አለች። «ጸጉርህ ሄደ እንጂ ጆሮህ እንዳለ ነው። ደግሞ በኋላ በኩል ስትሄድ በመስኮት አይሃለሁ፤ ዶሮ የሰረቀ ነው የምትመስለው። ውሃ ትቀላቅላለች ማለትህም ደርሶኛል።»

ጀሪካን የያዘችው ሴት ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ የመጣሁበትን ረስቼ ስንት ዓመት አፌ ላይ የቆመውን ነገር ዘረገፍኩት። «ያን ረቡዕ ሁለት ጊዜ ነው ያወራሽው። ሰባት ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጣሳዋን ይዛ አሰበች። «ሦስት ጊዜ ነው» አለች። «አንዷን አልሰማሃትም።»

ከዚያ የኤልዳናን ነገር ነገርኳት፤ ዝርዝሩን፣ ደብዳቤውን፣ ሰኞን። «ያኔ ምን ቢደረግ ነበር አፍሽ የሚከፈተው?» አልኳት።

«መሐላዬኮ ግቢው ውስጥ ነበር» አለች። «ከበሩ ስወጣ እስከ ቤቴ እንደ ወፍ ነበር የምለፈልፈው። ከበሩ ውጭ አንድ ሰው ብቻ ‹ዲንቄ፣ ምን ሆንሽ?› ቢለኝ፣ ሄደህ አባቴን ንገርልኝ፣ መሐላውን ያንሳልኝ እል ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መምህር ሰድባለች ብሎ አፍሮ ነው። እኔ ራሴማ፣ አፌን የከለከለኝ እሱ ሆኖ፣ እንዴት ብዬ እለምነዋለሁ? ሽማግሌ ያስፈልጋል። ማንም አልጠየቀኝም።»

«ሃያ እርምጃ ከኋላሽ ነበርኮ የምሄደው፤ በዚያው መንገድ።»

«አውቃለሁ። ስንቴ ዞሬ አይቼሃለሁ።»

ይህን ስትል ድምጿ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጇን በፎጣ ጠርጋ ወደ ኤልዳና ጎንበስ አለች። «ነይ እስቲ አንቺ። እዚህ ትምህርት ቤት አይደለም፣ ወተት ቤት ነው። ማነው አፍሽን የዘጋሽ?»

እኔ ተዘጋጅቻለሁ። የክፍል አለቃውን ስም ትጠራለች፣ ወይ የመምህሯን፤ ሰኞ ጠዋት ያንን ስም ይዤ ቢሮ እገባለሁ፣ ግሴም ስሜም ተስማምተው። ኤልዳና ጫማዋን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«አባባ ነው» አለች። «በመንፈቀ ዓመቱ በእንግሊዝኛ ሰባ ሁለት ሳመጣ፣ ‹የእኔ ልጅ ተብለሽ ተሳስተሽ ከምታሰድቢኝ ዝም ብትይ ይሻላል› አለኝ። እና ዝም አልኩ። እዚያ ደግሞ አማርኛ አይፈቀድም።»

ብዬ ነበር? ብያለሁ። እንደ ቀልድ፣ ሻይ እየማግሁ። ስንት ነገር እላለሁ፤ ከምለው ውስጥ የትኛው እንደሚያዝ ማን ነገረኝ? ሁለት ቀን ሙሉ የተጠራቀመው ቁጣዬ የሚያርፍበት አጥቶ ሲዞር ቆየና ባለቤቱን አገኘ።

«በል ፍታት» አለች ዲንቄ።

«ቤት ስንገባ...»

«ቤት አይደለም፤ እዚሁ ሰው እየሰማ። ሰው ፊት ነው የሚፈታው።»

የጥበቃው ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀ፤ ቁም ነገር መሆኑ ገብቶታል። እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ይመስል እጄን ወደ ታች ዘርግቼ ቆምኩ። «ኤልዳና፣ ያልኩሽን ቃል አንስቻለሁ» አልኩ። «ተሳስተሽ ተናገሪ። ግሱንም ስሙንም አደባልቂው። ማንም ቢስቅብሽ እኔ ላይ ነው የሚስቀው።»

«ማንኪያውስ?» አለች።

«ማንኪያው ከዛሬ ጀምሮ ስኳር ነው የሚያማስለው።»

ሰኞ የሆነውን ልንገራችሁ። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ስለ አያቷ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ «ማይ ግራንድፋዘር ሃቭ ኖ ሄር» የሚለው አንዱ ነው። ልጆቹ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፣ ቦታዋም ተጠበቀላት። እኔ ይህን ስሰማ ኮሪደር ላይ ነበርኩ፤ ጣቴ ብርጭቆ ፈልጎ እንደነበር አልክድም። ከዚያ ቢሮ ገብቼ በአማርኛ፣ ከፈለጉ ይጻፉኝ ብዬ፣ በሩ ላይ ያለው ዝርዝር ይነሳ አልኩ። ምክትል ርዕሰ መምህሯ በትሕትና «እናየዋለን አባታችን» አሉኝ። እናየዋለን የሚለውን ቃል እኔ አውቀዋለሁ፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ስሠራ ስንቱን ሰው በእሱ መልሻለሁ። ስለዚህ በሚቀጥለው ሰኞም እሄዳለሁ፣ በሚቀጥለውም። የደም ግፊቱ ልጅ የፈለገውን ይበል። እዚያ ወረቀት ላይ ሲባዛ ስድስት የተባለ አንድ ልጅ አለ፤ ስድስቱን ማን እንደቆጠረው ሳላውቅ አልቀመጥም።

ቅዳሜ ግን ከወተት ቤቱ ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ ልዘለው አስቤ ነበር። ሁለት ሊትሬን ይዤ፣ ኤልዳና ደረጃው ላይ ከጥበቃው ሰውዬ ጋር ወሬዋን ከፍታ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ዲንቄ» አልኳት ዝቅ ብዬ፣ «እኔንስ አትፈቺኝም?»

አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ቀጥ ብላ አየችኝ።

«አንተንማ ማንም አላስማለህም» አለች። «ዝም ያልከው በገዛ አፍህ ነው።» ጣሳዋን መልሳ ወተቱ ውስጥ ነከረች። «ቀጥሎ ማነው? ስንት ሊትር ልቅዳልህ፣ ወንድሜ?»